ጎፈሬ ላባዋን ስታኝክ

«እምዬ፣ ጎፈሬ ራሷን እየበላች ነው!»

የልጅ ልጄ ይህን የነገረኝ በስልክ ነው። ወሩ ነሐሴ፣ ዓመቱ 2010 ዓ.ም. ነበር። እዚህ ጎንደር ዝናቡ የቤቴን ቆርቆሮ ይደበድባል፤ እዚያ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ እሱ የእናቱን ስልክ ይዞ ወፏ ፊት ተንበርክኳል። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጎፈሬ የሚሏት ቤታቸው የሚያሳድጓት ኮካቲየል የምትባል ወፍ ናት። ኮካቲየል የበቀቀን ወገን ሲሆን የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። አናቷ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ላባ ስላላት ስሙን ያወጣችላት ልጄ ናት።

ምስሉ እየተቆራረጠም ቢሆን አየሁት። ወፏ ከወለሉ ያነሣችውን ረዥም ግራጫ ላባ በምንቃሯ ይዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታኝከዋለች። ሲያመልጣት ራሷን ዘንበል አድርጋ ታየውና መልሳ ታነሣዋለች። ጥርስ የሚያበቅል ሕፃን የእናቱን ማንኪያ ሲያላምጥ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልክ እንደዚያ ነው።

«ይሄማ ጨዋታ ነው» አልኩት።

«አያማትም?»

«የወደቀ ላባ እንደ ተቆረጠ ጥፍር ነው፤ ምን ያማታል?»

ትንሽ ዝም አለና «ያልወደቀውን ብትነቅለውስ?» አለኝ።

«እሱማ ያማታል» አልኩና እናቱን እንዲያቀርብልኝ ነገርኩት። ሠላሳ አምስት ዓመት በነርስነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ ሰው የመጣበትን ጉዳይ በመጀመሪያ ጥያቄው ሳይሆን በሁለተኛው እንደሚናገር አሳምሬ አውቃለሁ። የልጅ ልጄን ሁለተኛ ጥያቄ ግን እንዲሁ አሳለፍኩት።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን አልናቅኩትም። የጎረቤቴ ልጅ ያን ጊዜ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ስለነበር ቡና ጠርቼው ጠየቅኩት። መጽሐፉን ይዞ መጣ። ላባ የተሠራው ፀጉራችንና ጥፍራችን ከተሠሩበት ዓይነት ነገር ነው፤ ኬራቲን ይባላል። አድጎ ሲያበቃ ሕይወት የለውም፣ ደምም የለውም። ወፎች አሮጌውን ላባ በየጊዜው ያረግፋሉ፤ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይደለም። ከግራ ክንፍ አንድ ሲወድቅ ብዙም ሳይቆይ ከቀኝ ክንፍ አቻው ይወድቃል፤ ስለዚህ ሚዛናቸው ሳይዛባ ይበርራሉ። አዲሱ ላባ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ እንደ እሾህ ብቅ ይላል። በዚህ ጊዜ ውስጡ ደም አለው፤ ከተሰበረ ይደማል፣ ወፏንም ያማታል። ሲያድግ ደሙ ወደ ኋላ ይሸሽና ወፏ ሽፋኑን በምንቃሯ እየፈረፈረች ታወልቀዋለች። በቤት ውስጥ ነጭ ብናኝ የምናየው ከዚህም የተነሣ ነው።

የበቀቀን ወገን ሁሉ ምንቃሩን ሥራ ማስፈታት አይወድም። እንጨት ይሰነጥቃል፣ ፍሬ ይፈለፍላል፣ ቅርፊት ይልጣል። የወደቀ ላባ ካገኘ ለሱ መጫወቻ ነው፤ አጥንት መሰል ዘንጉን ሲነክሰው ይንኮሻኮሻል፣ ጎኑ ያለውን ጭገር ሲስበው ይበተናል። ይህ የጤና ምልክት ነው። የሚያስፈራው ሌላው ነው፤ ወፏ ያልረገፈውን ከገላዋ መንቀል ስትጀምር።

«እማማ፣ መለያው ቀላል ነው» አለኝ ተማሪው። «ወፍ የራሷን አናት በምንቃሯ አትደርስበትም። ደረቷና ክንፏ ሥር ተመልጦ የራሷ ላባ ግን ሙሉ ከሆነ፣ የነቀለችው እሷው ናት።»

ምክንያቱ ብዙ ነው አለኝ። ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ቅማል፣ የምግብ ጉድለት፣ የቆዳ መቆጣት። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪም ማየት አለበት። ሕመም ካልተገኘ ብቸኝነት፣ ሥራ መፍታት፣ የቤት መለወጥ፣ የለመደችው ሰው መጥፋት ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ለልጄ በስልክ ነገርኳት። የጎፈሬ ደረት ሙሉ ነው፣ ምንም አልሆነችም አለችኝ። እኔም ነገሩን ዘጋሁት።

በጥቅምት 2011 የባለቤቴ ሙት ዓመት ስለደረሰ ልጄ ልጇን ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ ይዛው መጣች። አዘዞ ካለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልኳቸው። ልጁን አቅፌ ስስመው ከግራ ጆሮው በላይ እጄ ባዶ ቦታ አገኘ። የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያለው ሥፍራ ፀጉሩ ሳስቷል።

ለነርስ መጀመሪያ የሚመጣላት ቆረቆር ነው። ማታ መብራት ሥር አስቀምጬ አየሁት። ቆረቆር ከሆነ ቆዳው ይፈረፈራል፤ የሱ ንጹሕ ነው። ላሽ ከሆነ ደግሞ እንደ እንቁላል ልሙጥ ይሆናል፤ የሱ ልሙጥ አይደለም። አጭር፣ መካከለኛ፣ ረዥም፣ ሁሉም ዓይነት ፀጉር ተደባልቆ ቆሟል። ገና ከሥሩ የበቀለም አለ፣ መሐል ላይ የተሰበረም አለ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እንዲህ ያለ ራስ ከዚህ ቀደም አይቻለሁና።

ዲፕሎማዬን በያዝኩ በአምስተኛው ዓመት ገደማ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ አክስቷ ይዛት መጣች። የራሷ ፀጉር በግማሽ ተመልጧል። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ደጁ ላይ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው። ቆረቆር ነው ብዬ ፀጉሯን አስላጨኋት፣ ሐምራዊውን ቀለም ቀባኋት፣ «እጅሽን ከራስሽ አትለይውም እንዴ!» ብዬ እጇን መታ አደረግኋት። አክስቷ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «እናቷ ከሞተች ወር አልሞላም» አለችኝ። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አልኩና ቀጣዩን ጠራሁ። ልጅቱ ተመልሳ አልመጣችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በሰልፉም በቀኑም አላመካኝም።

በማግስቱ ጠዋት ልጁን ይዤ ወደ ፋሲል መዋኛ ወረድኩ። እናቱ ዘመድ እየተቀበለች ቤት ቀረች። በጥቅምት ገንዳው ደረቅ ነው። ከቀሃ ወንዝ ውኃው የሚገባበት ለጥምቀት ሲደርስ ነው፤ ያኔ ነው ሕዝቡ ግጥም ብሎ የሚሞላው። አሁን ጸጥ ብሏል። መሐል ላይ ያለው ባለ ፎቁ ሕንፃ ብቻውን ቆሟል፤ ዙሪያውን ባለው ግንብ ላይ የዛፎቹ ሥሮች እንደ አሮጌ ሰው የእጅ ጅማት ተጣብቀው ወርደዋል። እዚህ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያየው ሕንፃውንና ሥሮቹን ነው። እኔ ግን ልጁን ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን እንዲያይ ነገርኩት።

ጥቂት ቆይቶ ቀጭን ጩኸት ሰማን፤ ከቅጠሉ ጋር አንድ ዓይነት አረንጓዴ የሆኑ ትንንሽ ወፎች ተከታትለው ከዛፍ ወደ ዛፍ አለፉ።

«በቀቀን ናቸው» አልኩት።

«እዚህም አለ?» ዓይኑ ፈጠጠ። በቀቀን ማለት ከሱቅ የሚገዛ ወፍ መስሎት ነበር።

የእኛው ናቸው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር ሌላ አገር በዱር አይገኙም። ቁመታቸው አሥራ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክንፋቸው ሥር ጥቁር ነው። የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፤ ሴቷ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ናት። እ.ኤ.አ. በ1814 በፈረንጆች የሳይንስ መዝገብ የገቡት በኤርትራ ባለው የታራንታ ተራራ ስም ነው፤ እስከ ዛሬም የሳይንስ ስማቸው ታራንታ ነው። የሾላና የዋርካ ፍሬ፣ የጽድ ፍሬ ይበላሉ። ጎጆ የሚሠሩት በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። ሴቷ የጎጆዋን ምንጣፍ እንደ ሌሎች ወፎች በምንቃሯ አንጠልጥላ አትሄድም፤ ፍርፋሪ ቅርፊትና ሣሩን በገላዋ ላባ መካከል እየሸጎጠች ተሸክማው ትገባለች። ሰው በሚያሳድጋቸው ዘንድ ደግሞ ሴቷ የራሷን ላባ ለጎጆዋ ስታነጥፍ ታይታለች።

ልጁ ደረቁ ገንዳ አጠገብ ጎንበስ ብሎ አንዲት አረንጓዴ ላባ አገኘ። አውራ ጣቴን አታክልም። በሁለት ጣቱ እያንከባለለ ከንፈሩ ላይ አሻሻት።

«ከአፍህ አርቃት» አልኩት፤ የነርስ አፍ ዝም አይልም። የበቀቀን ትኩሳት የሚባል በሽታ አለ። ከደረቀ ኩስና ከላባ ብናኝ ጋር በትንፋሽ ይገባል፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ያመጣል። በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል። ወፍ የምታሳድጉ ቤተሰቦች ቤቷን ከመጥረጋችሁ በፊት ውኃ ርጩበት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳል ይዟችሁ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ወፍ እንዳላችሁ ንገሩ፤ ካልነገራችሁት ሐኪሙ ላይጠረጥረው ይችላል።

«ይዘን ብንሄድ? ለጎፈሬ ጓደኛ ትሆናት ነበር» አለኝ ወፎቹን እያየ። የዱር ወፍ ያለ ፈቃድ መያዝም ከአገር ማስወጣትም ሕግ እንደሚከለክል ነገርኩት። ላባዋን በደብተሩ መሐል አስቀመጣት። ቤት እስክንደርስ ድረስ ግራ እጁ ደጋግሞ ወደ ጆሮው ሲሄድ አየሁ። ምንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅኩ ነው።

ከሙት ዓመቱ በኋላ ሁለት ቀን ትርፍ ስለነበረን ስሜን ተራራ ላሳየው ወሰንኩ። መኪና ተኮናተርን፤ ተማሪው ጎረቤቴም አብሮን ሄደ። መንገዱ ያን ጊዜ ሰላም ነበር፤ ለሁላችንም እንዲያ ያለውን ቀን ይመልስልን። ከጎንደር ወደ ሰሜን ኮሶዬ ላይ ገደሉ ይከፈታል። ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ ነው። ደባርቅ ድረስ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በጥቅምት ገብሱ ወደ ቢጫነት ሲሄድ፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ ያንን መንገድ ያላየ አያት ካለ የልጅ ልጁን ይዞ አንድ ቀን ይየው።

ደባርቅ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከፍለን ተመዘገብንና ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ተሰጠን። በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። «እንዴት ሰነበቱ እታለም፣ ይሄ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ። «የልጄ ልጅ ነው፣ ከአሜሪካ የመጣ» አልኳቸው። «እንግዲያው ብርድ ይለምዳል» ብለው ጋቢያቸውን አወለቁና አለበሱት።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ በ2017 ነው ከዚያ የወጣው። ሳንቃ በር ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አስታው እንደ ሽማግሌ ጢም ሽበት መሰል ነገር ተንጠልጥሎበታል። ከመኪናው ወርደን ጥቂት እንደሄድን የጭላዳ ዝንጀሮዎቹን መንጋ አገኘን፤ ከመቶ የሚበልጡ ይሆናሉ።

ጭላዳ ሣር የሚግጥ ዝንጀሮ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣሩን ነጨት ነጨት እያደረገ እፍኙን ይሞላና ወደ አፉ ይከታል። ወደ ሌላ ሣር ሲሄድም አይነሣም፤ በመቀመጫው ይንፏቀቃል። ልጁ ሳቀ። አጠገባችን ደግሞ አንዲት እናት ግልገሏን ጭኗ ላይ አስተኝታ ፀጉሩን ትከፍላለች፣ አንድ ነገር ታነሣለች፣ ወደ አፏ ትወስዳለች።

«ፀጉሩን እየነቀለችው ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ተለወጠ።

«አይ፣ እየቀመለችው ነው። ቆሻሻውን ታነሣለታለች። ይህን የሚያደርጉት ሲዋደዱ ነው።»

«ስለዚህ አያመውም።»

«አያመውም። ተኝቷል እኮ፣ አየህ?»

እዚያ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ተማሪውና ጥበቃው ራቅ ብለው ያወራሉ። ልጁ እንደ ዝንጀሮዎቹ ሣር መንጨት ጀመረ። ሁለቱም እጆቹ ሥራ ይዘዋል። ያን ጊዜ በነሐሴ ያለፈኝ ጥያቄ ትዝ አለኝ። እሱን ሳላየው፣ ዝንጀሮዎቹን እያየሁ፣ «ባለፈው ጎፈሬ ያልወደቀውን ብትነቅለው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ያን ቀን በደንብ አልመለስኩልህም» አልኩት።

ዝም አለ።

«ወፍ ያልወደቀ ላባ ስትነቅል ባለጌ ሆና አይደለም። አንድ ነገር ሲያስጨንቃት እጇ፣ ማለቴ ምንቃሯ፣ እዚያ ይሄድባታል። አትመታም፤ ምን ሆነሽ ነው ትባላለች።»

ብዙ ቆየ። ሣሩን ይነጫል። ከዚያ «አባዬ ለሥራ አይደለም የሄደው» አለኝ። «እንደማይመለስ አውቃለሁ። እማዬ እንዳታውቅ ብዬ ነው ያልተናገርኩት።»

ለአንባብያን እውነቱን ልንገራችሁ። ልጄና ባሏ ከፋሲካ በኋላ ተለያይተው ነበር። ለልጁ «አባትህ ለሥራ ሌላ ክፍለ ግዛት ሄዷል» የተባለው እኔም ተስማምቼበት ነው። «ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል፣ ቀስ ብሎ ይሰማል» ያልኩት እኔ ነኝ። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ እንጂ ደርሶ አይነገርም በምንልበት አገር ስላደግኩ መደበቅ ማዘን ይመስለኝ ነበር። እሱ ደግሞ እናቱን ላለማስከፋት ሲደብቅ ከርሟል። እናቱ ትደብቀዋለች፣ እሱ ይደብቃታል፤ ሌሊት ሌሊት እጁ ወደ ፀጉሩ ይሄዳል።

«አምመውሃል?» አልኩት ጆሮው በላይ እየነካሁ። «ሲነቀል ትንሽ ያመኛል። ከዚያ ይሻለኛል» አለኝ። «ትውጠዋለህ?» አልኩት። «አልውጥም፣ ጥርሴ ላይ አደርገውና እጥለዋለሁ» አለኝ። ይህን የጠየቅኩት ለማወቅ ጉጉት አይደለም። ፀጉር አይፈጭም። የሚውጡት ልጆች ሆድ ውስጥ እየተጠራቀመ ሊቋጠርና ሕመም፣ ትውከት፣ መክሳት ሊያመጣ ይችላል፤ በቀዶ ሕክምና የሚወጣበትም ጊዜ አለ።

በማግስቱ ጨነቅ ደረስን። ከሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሜትር በላይ ነው፤ ጅብራው እንደ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ምሳችንን ስንፈታ ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው የደጋው ቁራ ድንጋይ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። እንጀራችንን ያያል ስንል እሱ ከድንጋዩ ሥር አንድ ላባ አነሣ። ገደሉ አፍ ላይ ሄዶ ለቀቀው፤ ከታች የሚመጣው ንፋስ ላባውን ወደ ላይ መለሰው፤ ቁራው ዘሎ ያዘው። እንደገና ለቀቀው። ሦስት ጊዜ ይህን ሲያደርግ ቆጠርን። ልጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ጥበቃው አባትም «አይ ቁራ፣ ልጅነቱ አልለቀቀውም!» አሉ። ከበላያችን አጥንት ከሰማይ ጥሎ በድንጋይ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ ዞረ። የሆዱ ላባ ወርቃማ ቀይ ነው። ሲወለድ እንዲያ አይደለም፤ ብረት ባለበት ቀይ ጭቃ ገብቶ ራሱ የሚቀባው ነው ብሎ ተማሪው ነገረን። ልጁ ሁሉንም በደብተሩ ጻፈ።

ጎንደር በገባን ማታ ልጄን ለብቻዋ ጠርቼ የሆነውን ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያም ተቆጣችኝ፤ «አንቺ ነሽ ዝም በይ ያልሽኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠዋት ሦስታችን ቁርስ ላይ ተቀመጥን። ለልጁ ሁሉንም በአጭር ቃል ነገረችው፦ አባቱ እንደማይመለስ፣ እሱን ግን እንዳልተወው፣ ያጠፋው ምንም ነገር እንደሌለ። እሱ ያለቀሰው ጥቂት ነው። እሷ ናት ብዙ ያለቀሰችው፤ እሱ ጀርባዋን ይዳብሳት ነበር።

እዚያው ጠዋት ድኗል አልላችሁም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጠዋት አይድንም። አገሩ ሲመለስ የሕፃናትን አእምሮ የሚያይ ባለሙያ ዘንድ ሄደ። ባለሙያዋ ያስተማረችው እጁ መቼና የት ወደ ፀጉሩ እንደሚሄድ እንዲያስተውል፣ በዚያ ሰዓት ለእጁ ሌላ ሥራ እንዲሰጠው ነበር። እኔም ከመሄዱ በፊት ስንደዶና አክርማ አስይዤ የስፌት መነሻ አስተምሬው ነበር። ጎረቤቶቼ «ወንድ ልጅ ስፌት?» ብለው ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ሻንጣው ውስጥ ከቶት ሄደ። ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ጎኑ የተጣመመ አንድ ሰፌድ ሠርቶ ከዓመት በኋላ በሰው ላከልኝ። ቡና ቁርስ የማቀርበው በሱ ነው።

ሰውና ወፍ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ፀጉሩን የሚነቅል ልጅ ሁሉ የተደበቀ ኀዘን አለው ማለትም አይደለም፤ ሥራ ሲፈታ፣ ሲያጠና፣ ቴሌቪዥን ሲያይ ሳያስበው የሚነቅልም አለ። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት መጨረሻና በጉርምስና መባቻ ነው። ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ ከብዙ ዘመን ሥራና ከአንድ የልጅ ልጅ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

በልጃችሁ ራስ፣ ቅንድብ ወይም ሽፋሽፍት ላይ የሳሳ ቦታ ካያችሁ አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያ አሳዩት፤ ቆረቆርም ላሽም ሊሆን ይችላልና። አትላጩት፣ በርበሬና ሬት አትቀቡት፣ እጁን አትምቱት። በሰው ፊት አትጥሩበት፤ እፍረቱ ያባብሰዋል። ፀጉር የሚውጥ ከሆነና ሆዱን ካመመው ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሩት። ለእጁ ሥራ ስጡት፤ ሊጥ ያቡካ፣ ጥጥ ይፍተል፣ ቆሎ ይልቀም። ከዚያ ፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ተቀመጡና ጠብቁ። ልጅ ዓይን ዓይኑን ሲያዩት አይናገርም፤ አብሮ አንድ ነገር ሲያይ ግን ይናገራል። ለዚህ ስሜን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ዶሮ ማየትም ይበቃል።

ያቺን የአሥር ዓመት ልጅ እስከ ዛሬ አስባታለሁ። በሕይወት ካለች አሁን ራሷም የልጅ ልጅ ልታይ ትችላለች። ይህን ጽሑፍ ብታነብብ፣ ያን ቀን ምን ሆነሽ ነው ብዬ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ እላታለሁ።

የልጅ ልጄ ዛሬ ጎረምሳ ነው። ከጆሮው በላይ ያለው ፀጉር ሞልቷል፤ ፈተና ሲደርስ እጁ አንዳንዴ ይሄድበታል፣ ያን ጊዜ ራሱ ደውሎ ይነግረኛል። ጎፈሬም አለች። ባለፈው እሑድ በስልክ አሳየኝ፤ ላባ አርግፋ ከወለሉ አንዱን አንሥታ ታኝካለች።

«ምን ሆነች?» አልኩት ልፈትነው።

«ምንም አልሆነችም እምዬ፣ የወደቀውን ነው» አለኝ።